ጤነኛ ሰው ለምን የቲቢ መድኃኒት ይውጣል?

በሂሊያርድም ሆነ በሌሎቹ የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ዳርቻ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ቲቢ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ አሞት ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አይደለም። ለግሪን ካርድ ምርመራ ሲቀርብ ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ሊቀጠር ሲል ደም ይሰጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው ይባላል። ኤክስሬይ ይነሳል፤ ሳንባው ንጹህ ነው። አያስለውም፣ አያተኩሰውም፣ ሌሊት አያልበውም፣ ክብደቱም አልቀነሰም። ሐኪሙ ግን ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ያዝለታል። በዚህ ጊዜ ወደ አፍ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «ምንም ሳልሆን ምን አስዋጠኝ?» የሚል ነው። መልሱ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ እንደ ሂሊያርድ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው ግን ስህተት ነው። እንዲያውም የቲቢ መድኃኒት ለጤነኛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ቲቢ በብዛት ከሚገኝበት አገር ወጥቶ እምብዛም ወደማይገኝበት አገር ሲገባ ነው። ይህን ለማሳየት ከበሽታው ጠባይ መነሳት ያስፈልጋል።

የቲቢ ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲዘምር ወይም ሲያወራ ከአፉ የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች ደርቀው ከ5 ማይክሮን ያነሱ ቅንጣቶች ይሆኑና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። በአንድ ትሪ መብላት፣ መጨባበጥ ወይም ልብስ መዋዋስ በሽታውን አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው አንድን አየር ለረጅም ጊዜ መጋራት ነው። ቅንጣቱ የሳንባው የአየር ከረጢት ሲደርስ ነጭ የደም ሴል ይውጠዋል። ሌላ ባክቴሪያ ቢሆን እዚያው ያልቅለት ነበር፤ ቲቢ ግን ሰም በመሰለ ቅባት የተሸፈነ ግድግዳ ስላለው በቀላሉ አይሞትም፤ በዋጠው ሴል ውስጥም መራባት ይጀምራል። የሚራባው በዝግታ ነው። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ለሁለት ሲከፈሉ ቲቢ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። ሰውነትም በበኩሉ ሴል በሴል ላይ ደርቦ ዙሪያውን ይከበዋል። በአብዛኛው ሰው ላይ ትግሉ ያለ አሸናፊ ይቆማል፤ ባክቴሪያው ጨርሶ አይጠፋም፣ ከከበባውም አይወጣም። ድብቅ ቲቢ የሚባለው ይህ ነው። ይህን የያዘ ሰው ሕመም የለበትም፣ ወደ ሌላ ሰውም አያስተላልፍም።

ከበባው ግን ዕድሜ ልክ ይጸናል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። መድኃኒት ካልወሰዱ ድብቅ ቲቢ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ የሚታመሙት ባክቴሪያው በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ኤችአይቪ ይህን አደጋ በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ስኳር በሽታ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይጨምረዋል። የኩላሊት እጥበት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክሙ መርፌዎች፣ እርጅናም ጭምር በር ይከፍታሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ማለትም ሲዲሲ፣ በአገሪቱ እስከ 13 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ድብቅ ቲቢ እንዳለበት ይገምታል። በ2023 እ.ኤ.አ. በመላው አሜሪካ ከ9600 በላይ ሰዎች በቲቢ ታመሙ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ በአሜሪካ ከሚታየው የቲቢ ሕመም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዓመታት በፊት የገባ ድብቅ ቲቢ ሲቀሰቀስ የሚመጣ መሆኑ ነው። የሂሊያርድ ነዋሪ ዛሬ በቲቢ ቢታመም በሽታው ከጎረቤቱ የተጋባበት ሳይሆን ከረጅም ጊዜ በፊት በጎንደር ተማሪ ቤት ወይም በመርካቶ ታክሲ ውስጥ ከተነፈሰው አየር የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ስሌቱን ገልብጦ ሊያቀርብ ይችላል። ከመቶው 5 ወይም 10 ሰው ብቻ የሚታመም ከሆነ ቀሪዎቹ 90 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን በከንቱ ሊውጡ አይደለምን? ጥያቄው ጠንካራ ነው፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ በጥንቃቄ መመለስ ያለበትም ይህ ነው። አንደኛ፣ ከመቶዎቹ መካከል የሚታመሙት እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ለይቶ የሚናገር ምርመራ እስካሁን የለም። በ25 ዓመቱ ዲቪ ደርሶት የመጣ ጎረምሳ በ55 ዓመቱ ስኳር ይዞት ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ጉበቱም ዕድሜውም መድኃኒቱን እንደ ወጣትነቱ አይችሉለትም። ሁለተኛ፣ የሚታመመው ሰው ብቻውን አይታመምም። የኮሎምበስ ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት መስኮት ያስዘጋል፤ እኛም ነፋስ ይመታናል የሚለውን ፍርሃት ከአገር ይዘን መጥተናል። በዚህ ወቅት ቡና የሚጠጣበት ሳሎን ውስጥ ለወራት የሚያስል አንድ ሰው ቢኖር አየሩን አብሮት የሚተነፍሰው ሕፃንም ጭምር ነው፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ባክቴሪያው ከገባበት ወደ ሕመም፣ አልፎም ወደ ማጅራት ገትር የመሸጋገር ዕድሉ ከአዋቂ እጅግ የከፋ ነው። ሦስተኛ፣ ቲቢን አዘውትሮ የማያይ ሐኪም ሳል ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው አለርጂን ወይም የተለመደውን የሳንባ ምች ነው። ነገሩ እስኪታወቅ የሚያልፉት ሳምንታት በሽታው የሚዛመትባቸው ናቸው።

ድብቁን ቲቢ ማከም የበሽታውን ያህል የማይከብድበት ምክንያት በባክቴሪያው ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው። ባክቴሪያው በሚራባበት ጊዜ በአጋጣሚ የሚለወጡ አሉ፤ ከሚሊዮን አንዱ ያህል አይሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ይወጣል፤ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ደግሞ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ያህል ነው። በታመመ ሳንባ ላይ በተቦረቦረ ቁስል ውስጥ 100 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ብቻ ቢሰጥ ደካሞቹ ይሞቱና ተቋቋሚዎቹ ቦታውን ይወርሳሉ። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። አልበርት ሻትዝ በሴልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ በ1943 ያገኘው ስትሬፕቶማይሲን ለብቻው ሲሰጥ ሕሙማኑ መጀመሪያ ተሻላቸው፤ ከወራት በኋላ ግን ብዙዎቹ መድኃኒቱን በተላመደ ቲቢ መልሰው ወደቁ። ለዚህ ነው ዛሬ የታመመ ሰው በተለመደው ሕክምና 4 መድኃኒት ለ2 ወር፣ ከዚያም 2 መድኃኒት ለ4 ወር የሚወስደው። በድብቅ ቲቢ ላይ ግን ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት ይበቃል። ኤክስሬይ አስቀድሞ የሚነሳውም ሕመሙ በእርግጥ አለመጀመሩን ለማጣራት ነው፤ የታመመን ሰው እንደ ድብቅ ቆጥሮ በአንድ መድኃኒት ማከም ተቋቋሚ ቲቢን መፍጠር ይሆናል።

በሽታው ሲገፋና ሕክምናው ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኢትዮጵያ ጠንቅቃ ታውቃለች። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2009 እ.ኤ.አ.፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ በ2010 ሲጀመር ሕሙማኑ አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ መታከም ነበረባቸው፤ ለወራትም በየዕለቱ መርፌ ይወጉ ነበር። መርፌው የመስማት ችሎታን ሊያጠፋ የሚችል ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ቲቢ ለብዙ ሕሙማን በ6 ወር የሚያልቅና መርፌ የሌለበት ሕክምና ይመክራል፤ ኢትዮጵያም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር በ2021 ወጥታለች። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ሆኖም በጠቅላላ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ መሆኗ አልቀረም። ከዚያ የመጣ ሰው ደሙ ፖዘቲቭ ቢሆን የሚያስገርም ነገር የለውም፤ የሚያሳፍርም የለውም።

ቦታው ለውጥ የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ቲቢ በሚበዛበት ከተማ የሚኖር ሰው ዛሬ ድብቁን ቢያጠፋ ነገ በታክሲ ወይም በሥራ ቦታ እንደገና ሊገባበት ይችላል፤ በመድኃኒት መዳን ደግሞ ዳግመኛ እንዳይያዝ አይከላከልም። ለዚህ ነው በኢትዮጵያ የመከላከያ መድኃኒት ለሁሉም ሳይሆን በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ላለና ከታመመ ሰው ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ የሚሰጠው። በሂሊያርድ ግን እንደገና የመያዝ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። አንድ ጊዜ በአግባቡ የተጨረሰ መድኃኒት የመታመም አደጋውን እስከ 90 በመቶ ይቀንሳል፤ ጥቅሙም ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል። ዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ደርሶ መመለስ መጠነኛ አደጋ አለው፤ ጥቂት ሳምንታት ግን ከዓመታት ኑሮ ጋር አይነጻጸሩም። በሌላ አነጋገር ያው ክኒን ከጎንደር ይልቅ በሂሊያርድ የበለጠ ዋጋ አለው።

መድኃኒቱ ዕድሜ ይፈጃል የሚለው ቅሬታ ከድሮ ልምድ የተወረሰ ነው። ቀደም ሲል የሚታዘዘው አይሶናያዚድ በየቀኑ ለ9 ወር ነበር፤ ብዙ ሰውም መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ሲዲሲ በ2020 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ የሰጣቸው አጫጭሮቹን ነው። ከእነሱ አንዱ አይሶናያዚድና ሪፋፔንቲን የሚባሉትን አጣምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ ብቻ መውሰድ ነው። ለአንድ መደበኛ ክብደት ላለው አዋቂ የአንዱ ቀን መጠን ባለ 300 ሚሊግራም አይሶናያዚድ 3 ፍሬ፣ ባለ 150 ሚሊግራም ሪፋፔንቲን 6 ፍሬ፣ በድምሩ 9 ክኒን ነው፤ እጅና እግር እንዳይደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 ይታከልበታል። ሪፋፔንቲን ከምግብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ስለሚሠራ ለሚጾም ሰው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ማድረግ ይመቻል። ሌላው አማራጭ ሪፋምፒሲንን በየቀኑ ለ4 ወር መውሰድ ነው። ልዩነቱ በጥናት ተለክቷል፤ በ2011 በታተመ ጥናት የ12 ሳምንቱን ከጀመሩት 82 በመቶ ሲጨርሱ የ9 ወሩን የጨረሱት 69 በመቶ ነበሩ፤ በ2018 ከ6000 በላይ አዋቂዎች በተሳተፉበት ሌላ ጥናትም የ4 ወሩን 79 በመቶ ያህል፣ የ9 ወሩን 63 በመቶ ያህል ጨርሰዋል።

ጉበትን ይጎዳል የሚለው ስጋት ግን መሠረት አለው፤ ማቃለልም አይገባም። አይሶናያዚድ በተለይ ዕድሜው በገፋና አልኮል በሚያዘወትር ሰው ላይ ጉበትን ሊያሳብጥ ይችላል። በ2018ቱ ጥናት የ4 ወሩ ሪፋምፒሲን በጉበት ላይ ያደረሰው ጉዳት ከአይሶናያዚዱ በግልጽ ያነሰ ነበር። ጥበቡ ሐኪሙን ደብቆ መድኃኒቱን መጣል አይደለም፤ ከመጀመሩ በፊት አልኮል መጠጣቱን፣ የጉበት ሕመም እንደነበረው፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ሪፋምፒሲንና ሪፋፔንቲን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን፣ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ጉልበት ያሳጣሉ፤ ይህን የማታውቅ ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ሽንትና እንባ ብርቱካንማ መሆናቸው የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ አያስፈራም። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ግን መድኃኒቱን አቁሞ ያንኑ ቀን ክሊኒኩን መጥራትን ይጠይቃል።

«ፖዘቲቭ የሆንኩት በሕፃንነቴ ስለተከተብኩ ነው» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። በክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወው ቢሲጂ ከ1921 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ክትባት ነው፤ ሕፃናትን ከማጅራት ገትርና በመላ ሰውነት ከሚሠራጭ ቲቢ ያድናል፤ አዋቂን ከሳንባ ቲቢ የመጠበቅ አቅሙ ግን ደካማ ነው። ክንድ ላይ ተወግቶ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ እብጠቱ የሚለካው ምርመራ ክትባቱን ከእውነተኛው ባክቴሪያ ጋር ሊያምታታ ይችላል። የደም ምርመራው ግን አያምታታም። የተቀዳው ደም በቢሲጂ ውስጥ ከሌሉ የቲቢ ፕሮቲኖች ጋር ይገናኝና ነጭ የደም ሴሎቹ ቀድሞ ያውቋቸው እንደሆነ ይታያል፤ የሚያውቋቸው ከሆነ ጋማ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ እሱም ይለካል። ስለዚህ የክንዱ ምርመራ ብቻ ተደርጎለት የሚጠራጠር ሰው ቀጣዩ እርምጃው ጉዳዩን መርሳት ሳይሆን የደሙን ምርመራ መጠየቅ ነው።

ከሕክምናው ይልቅ የሚከብደው ወሬው ነው። ቲቢ ሲነሳ ኤችአይቪ የሚታሰበው፣ ትዳር የሚፈርሰው፣ የሥራ ፈቃድ የሚታገደው እየመሰላቸው ውጤታቸውን የሚደብቁ አሉ። ለስደት ጉዳይ በሚደረገው የጤና ምርመራ ጉዞን የሚያዘገየው የሚተላለፍ፣ ያልታከመ የቲቢ ሕመም ነው፤ ድብቅ ቲቢ ቪዛም ግሪን ካርድም አያስከለክልም። ሥራን በተመለከተም ድብቅ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ሰውየው መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራ መዋል ይችላል። ጸበል እየተጠመቀ መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ ይመስለኛል የሚል ካለም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል ጎን ለጎን መወሰድ እንደሚችሉ በግልጽ ማስተማራቸውን ማስታወስ ይበቃል። ለቲቢ የሚከለክል ምክንያት የለም።

ስደተኛን ነጥሎ መመርመር ንቀት ነው የሚል ቅሬታም ይሰማል። በንቀት የሚያደርገው ቢኖር ነቀፋው ይገባዋል፤ ነገር ግን ምርመራው የሚመለከተው ሰው የት አየር እንደተነፈሰ እንጂ የማን ዘር እንደሆነ አይደለም። ኦሃዮ ራሷ በዚህ በሽታ ተቃጥላለች። ከኮሎምበስ በሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ማውንት ቨርነን የግዛቲቱ የቲቢ ሕሙማን ማገገሚያ በ1909 የተከፈተው ለስደተኛ ሳይሆን እዚያው ተወልዶ እዚያው ለሚያስለው ሕዝብ ነበር። መድኃኒት ስላልነበረ ለሕሙማኑ የሚሰጠው ንጹህ አየርና ዕረፍት ነበር። የዛሬው ኦሃዮ ነዋሪ ያመለጠው ኑሮው ስለተሻሻለ፣ የታመመው እየተፈለገ ስለታከመ፣ በኋላም መድኃኒት ስለመጣ ነው። እኛ ተመርመሩ ስንባል የሚቀርብልን ያው መንገድ ነው።

ስለዚህ ሥራው ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም። የኮሎምበስ የሕዝብ ጤና ቢሮ በፓርሰንስ አቬኑ ለፍራንክሊን ካውንቲ ነዋሪዎች፣ ለሂሊያርድም ጭምር፣ ቤን ፍራንክሊን የሚባል የቲቢ ክሊኒክ አለው፤ ችግሩ የክሊኒክ መጥፋት ሳይሆን ሰው ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ካህናትና ኢማሞች ድብቅ ቲቢ እንደማይተላለፍ ከመድረክ ሊናገሩ ይገባል፤ አዲስ መጤ ቤተሰቦችን የሚረዱ ማኅበራትም ቤት ኪራይና ትምህርት ቤት ሲያስረዱ የደም ምርመራውን ቢጨምሩበት ብዙ ይረዳሉ። ክሊኒኮችም በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ሳያዘጋጁ ማዘዣ ብቻ ቢሰጡ መድኃኒቱ ሳይጨረስ መቅረቱን የሕመምተኛው ጥፋት ብቻ ማድረግ አይችሉም። በኮሎምበስ የሚወለድ ልጅ ቲቢ ቢገባበት በአብዛኛው የሚገባበት ከትምህርት ቤት ጓደኛው ሳይሆን ከቤተሰቡ አባል ነው። በሽታው በእኛ ላይ አበቃ እንዲባል 12 ሳምንት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጤነኛ ነኝ የሚለው ምክንያት መድኃኒቱን ላለመውሰድ ሳይሆን ሰውነት ሳይደክም አሁኑኑ ለመጀመር የሚጠቀስ ነው።